ውኃ፣ ገበያ፣ ማኅተም፦ የከተማ አስተዳደር ውሳኔ በገዳሪፍና በመተማ



የከተማ ምክር ቤት ውሳኔ ወደ ነዋሪው ቤት የሚገባው በዋጋ ተለውጦ ነው። አንዳንዴ የአንድ በርሜል ውኃ ዋጋ ይሆናል፤ አንዳንዴ የራክሻ (የባጃጅ) ሒሳብ፣ የገበያ ቦታ ኪራይ፣ ወይም ለአንድ ማኅተም ወረፋ ሲጠበቅ የባከነ የሥራ ቀን። አዳራሽ ውስጥ የተባለውን ያልሰማ ሰው እንኳ ከኪሱ ሲከፍል ውሳኔውን ያውቀዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ውሳኔ እንዴት ዋጋ እንደሚሆን በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍና በአካባቢዋ የድንበር ከተሞች ምሳሌነት ማስረዳት ነው። በቅድሚያ በከተማዋ ላይ የሚወስነው ማን እንደሆነ ይታያል፤ ቀጥሎ ውኃ፣ ከዚያ ገበያና ጎዳና ይነሣሉ፤ በመጨረሻም ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ እየኖሩ ድምፅ የሌላቸው ሰዎች ጉዳይ ይመጣል። ውኃው ከሌላው ሰፋ ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ገዳሪፍ የኖረ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ገዳሪፍ ከከተማነቷ በፊት ገበያ ነበረች። የቀድሞ ስሟ ሱቅ አቡ ሲን ሲሆን የሹክሪያ ጎሣ መሪዎች ከነበሩት ከአቡ ሲን ቤተሰብ የመጣ ነው። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ከከሰላ ተነሥቶ በገዳሪፍ አልፎ ወደ ሰናር ሲዘልቅ ከተማዋ ከፖርት ሱዳን ወደብ ጋር ተገናኘች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊቱ እህል ሲፈልግ በገደምባልያ ሜዳ ላይ በትራክተር ማሳረስ ጀመረ። ያ ጅምር ጥቁሩን መሬት እያረሰ እስከ ኢትዮጵያ ጠረፍ ተስፋፋና ገዳሪፍን የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ አገር አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተሠራውና 100,000 ቶን እህል የሚይዘው ሲሎ ዛሬም የከተማዋ ምልክት ነው።

በገበያ የተፈጠረች ከተማ ሰው ሁሉ ይመጣባታል። ሹክሪያው፣ ሐውሳው፣ ፈላታው፣ ከዳርፉር የመጣው ማሳሊት፣ ከዓባይ ዳር የመጣው ነጋዴ፣ ቅብጡና ሐበሻው በአንድ ሱቅ በር ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለች ከተማ አስተዳደሯ አንድ ፈተና አለበት፤ ዛሬ የሚወስንለት ሕዝብ ትናንት ከነበረው ይለያል፣ ነገ ከሚመጣው ደግሞ ያንሳል።

ለመሆኑ የሚወስነው ማን ነው? ሱዳን የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ሕጉ ማርሻል የተባሉ እንግሊዛዊ ባለሙያ ከሁለት ዓመት በፊት ባቀረቡት ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለምክር ቤቶች የራሳቸውን በጀትና ግብር የመጣል ሥልጣን ሰጠ። የጃዕፈር ኒሜሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 በሌላ ሕግ ተካው። እ.ኤ.አ. በ1994 የምሥራቁ ክልል ሲከፋፈል ገዳሪፍ የራሷ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ በከተማዋ ላይም ከላይ ዋሊው (የግዛቱ ገዥ)፣ ከታች የከተማው መስተዳድር ተደራርበው ተቀመጡ። በዑመር አልበሽር ዘመን በየሠፈሩ የሕዝብ ኮሚቴዎች ነበሩ። የነዋሪነት ማስረጃ የሚጽፉት፣ የስኳር ኮታ የሚያድሉት፣ ማን የሠፈሩ ሰው እንደሆነና እንዳልሆነ የሚመሰክሩት እነርሱ ነበሩ። ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018ቱ አብዮት በኋላ ፈርሰው በአገልግሎትና ለውጥ ኮሚቴዎች ተተኩ። ዛሬ የከተማውን ሥራ የሚመራው ከላይ የሚሾም ሥራ አስፈጻሚ ነው።

ከድንበሩ ወዲህ ያለው ታሪክ መንገዱ ሌላ ቢሆንም የሚደርስበት ቦታ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የከተማን ትርፍ ቤትና ቦታ የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌን ወለደ፤ ቀበሌም መታወቂያ ሰጪ፣ ቤት አከራይ፣ አስታራቂና ተቆጣጣሪ ሆኖ ኖረ። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዝሞ ቀረ። ስለዚህ በገዳሪፍም ሆነ በኢትዮጵያ ጠረፍ ባለችው መተማ ዮሐንስ ነዋሪው «የመረጥኩት ሰው ወሰነብኝ» ብሎ የሚጠይቀው ወኪል ማግኘት ይከብደዋል።

ይህ የሥልጣን ጥያቄ ብቻ መስሎ ቢታይም የገንዘብም ጥያቄ ነው። ድምፅ ሰጪ የሌለው አስተዳደር ዐይኑን የሚጥለው ከፋዩ ላይ ነው። ከማዕከል የሚመጣው በጀት ሲሳሳ የከተማው ገቢ ከገበያ ቦታ፣ ከፈቃድ፣ ከቆሻሻ ማንሻ፣ ከመኪና ማቆሚያና ከእህል መሸጫ በሚለቀም ክፍያ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ክፍያ በቀላሉ የሚሰበሰበው በግልጽ ከሚታይ ሰው ነው። ሻይ ሻጯ ትታያለች፤ ጋሪ ነጂው ይታያል፤ መጋዘን ዘግቶ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቀው ነጋዴ ግን በጎዳና ላይ አይገኝም። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ዝንባሌ ጋር ነው።

አሁን ወደ ውኃው እንሂድ። ገዳሪፍ ወንዝ የላትም። የምትጠጣው በአንድ በኩል በአቡ ናጃና በዓዛዛ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው፤ በሌላ በኩል 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከሸዋክ በፓምፕ ተገፍቶ የሚመጣ የአትባራ ውኃ አለ። አትባራ የተባለው ወንዝ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከጭልጋ በኩል ተነሥቶ መተማን የሚያቋርጠው ጓንግ ነው። የገዳሪፍ ቧንቧ ጤና እንግዲህ በከፊል የሚወሰነው በጎንደር ተራራዎች ላይ በሚዘንበው ዝናብና ከዚያ በሚታጠበው አፈር ነው። በክረምት ወንዙ ደለል ተሸክሞ ሲመጣ ማጣሪያው ይታፈናል፤ ስለዚህ ሰማዩ በሚያፈስበት ወራት ቧንቧው ይደርቃል። በበጋ ደግሞ ወንዙ ራሱ ይቀንሳል። ከተማዋ በሁለቱም ወቅት ትጠማለች፤ የበጋው ጥም ከማጣት፣ የክረምቱ ከጭቃ የሚመጣ ነው።

ውኃ በቧንቧ ካልመጣ በካሮ ይመጣል። ካሮ በአህያ የሚጎተት፣ በርሜል የተጫነበት ጋሪ ነው። ጋሪ ነጂው ሳይነጋ ዶንኪ ወደሚባለው የጉድጓድ ውኃ ማደያ ሄዶ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ለማደያው ከፍሎ ይሞላል፤ ከዚያ ጎማው አሸዋና ጭቃ እየዘለለ ከሠፈር ሠፈር ይዞራል። የሚጠይቀው ዋጋ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፦ የማደያው ክፍያ፣ የአህያው መኖ፣ በወረፋ የጠፋው ጊዜ፣ የመንገዱ ርቀት፣ የፈቃዱ ክፍያ፣ ካለም የመቀጮው ፍራቻ። ፓምፑ የሚሠራው በጄኔሬተር ከሆነ የናፍጣ ዋጋ ይጨመርበታል። ጋሪ ነጂው ስስታም ነው እያሉ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ዘርዝሮ የተመለከተ ግን በበርሜሉ ዋጋ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የአስተዳደር ውሳኔዎች ተቀምጠው ያገኛል። ማደያው የት ይሁን የሚለው አንዱ ነው። ጋሪው ምን ያህል ይክፈል የሚለው ሁለተኛው ነው። መንገዱ ይጠገን ወይስ ይቆይ የሚለው ሦስተኛው ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያው ከሁሉ ይከብዳል። ማደያ ከአንድ ሠፈር ሁለት ኪሎ ሜትር ሲርቅ ጋሪው በቀን የሚመላለስበት ቁጥር ይቀንሳል፤ ምልልሱ ሲቀንስ የእያንዳንዱ በርሜል ዋጋ ይወጣል። አዳራሽ ውስጥ ካርታ ዘርግቶ ነጥብ የሚያኖር ሰው በዚያች ነጥብ የአንድን ሠፈር የወር ወጪ እየወሰነ ነው። ሁለተኛውም ቢሆን አሳሳች ነው። ብዙ ከተሞች በጋሪ ላይ ክፍያ ሲጥሉ ጋሪ ነጂውን ያስከፈሉ ይመስላቸዋል፤ ክፍያው ግን ሳምንት ሳይሞላ በርሜሉ ላይ ይጨመርና ጋሪ ነጂው ያመለጠው ክፍያ ውኃ የምትገዛው እናት ላይ ያርፋል።

ሌላም መዛባት አለ። ግቢው ሰፊ የሆነ፣ ታንከር የሚያስቆም፣ የሲሚንቶ ገንዳ ያለው ሰው ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ በርካሽ ይገዛል። በአንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ግን ገንዳ ማስቀመጫ ስለሌለው በጀሪካን ይገዛል፤ በሊትር ሲሰላ የሚከፍለው ከባለ ገንዳው ይበልጣል። ድሃ ለውኃ ከሀብታም በላይ የሚከፍልባቸው ከተሞች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም፤ ከካርቱም ዳርቻ እስከ ናይሮቢ መንደሮች ይህ የታወቀ ነገር ነው። ቧንቧ ያለው ቤት በመንግሥት ድጎማ ይጠጣል፤ ቧንቧ የሌለው በገበያ ዋጋ። በዚህ ላይ ልጆች ከትምህርት ሰዓት ቀንሰው የሚቆሙበት ወረፋ ሲታከል ውኃው የትምህርት ጉዳይም ይሆናል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አልታሰበም ማለት አይቻልም። በሩሜላና በቡርዳና ሁለት ግድቦች የተሠሩበት የላይኛው አትባራና ሰቲት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሲመረቅ ኤሌክትሪክና መስኖ ብቻ ሳይሆን የገዳሪፍ የመጠጥ ውኃም ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ሰቲት የሚባለው ተከዜ ነው። ግድቡ ውኃ ያዘ፤ ከግድቡ እስከ ቤት ያለው መንገድ ግን ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ ቧንቧና የከተማ ውስጥ መስመር ይጠይቃል። በገዳሪፍ «ሥር ነቀል መፍትሔ» የሚል ስም የተሰጠው የውኃ ፕሮጀክት በየመንግሥቱ አፍ ላይ ሲመላለስ ኖሯል። አንድ መፍትሔ ሥር ነቀል ለመባል ስንት ጊዜ መመረቅ እንዳለበት ነዋሪው በቀልድ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ይመጣል። ስለ ከተማ ውሳኔ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የተወሰነው ነው፦ የፈረሰው ቤት፣ የተከለከለው ባጃጅ፣ የተጣለው ክፍያ። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች በድንገት ሲታገዱ፣ በ2016 ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ሁሉም አወራ፤ ውሳኔው ቀን ነበረው፣ ፊት ነበረው። ሳይወሰን የቆየ ነገር ግን ቀን የለውም። የገዳሪፍ ቧንቧ ሳይዘረጋ የቀረበትን ዕለት ማንም በማስታወሻው አልጻፈም፤ ሆኖም ነዋሪው ዋጋውን በየቀኑ በበርሜል ይከፍላል። ከድንገተኛ ውሳኔ ይልቅ የዘገየ ውሳኔ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ የሚበላውም በትንሽ በትንሹ ስለሆነ ተቃውሞ አያስነሣም።

መዘግየቱ የጤና ዋጋም አለው። የሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ከተነሣ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ላይ የኮሌራ ወረርሽኝ የታወጀው በገዳሪፍ ግዛት ነበር፤ በነሐሴ 2024 በአገሪቱ አዲስ ወረርሽኝ ሲታወጅም ገዳሪፍና ከሰላ ክፉኛ ከተጠቁት መካከል ነበሩ። ኮሌራ በቆሸሸ ውኃና በቆሸሸ ምግብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ሰው ሲበዛ፣ መጸዳጃ ሲያንስ፣ ጎርፍ ጉድጓድና መጸዳጃን ሲያገናኝ ይነሣል። መከላከያው ረቂቅ ሳይንስ አይጠይቅም፤ ክሎሪን በማደያው ላይ እንዲጨመር፣ ፍሳሽ መውረጃ ከክረምት በፊት እንዲጠረግ፣ ቆሻሻ እንዲነሣ ማድረግ ብዙ ይረዳል። እነዚህ ሦስቱም በከተማ አስተዳደር እጅ ያሉ ሥራዎች ናቸው።

ከውኃው ወደ ገበያው ሲዘለቅ ነገሩ ይፈጥናል። በገዳሪፍ የእህል ገበያ ዋጋ የሚወጣው በጨረታ ነው። ጆንያው ተከፍቶ እህሉ በእጅ ይታያል፤ ነጋዴዎች ተሰብስበው ይጨምራሉ፤ ማሽላው አርደብ፣ ሰሊጡ ቀንጣር በሚባል መለኪያ ይሸጣል። ይህ ዓይነት ግልጽ ገበያ ለገበሬው ጥሩ ነገር ነው፤ ዋጋውን ሁሉም ይሰማዋል። ነገር ግን ከዋጋው ላይ ዘካ ይቆረጣል፣ የገበያ ክፍያ ይቆረጣል፣ ጆንያ ለሚሸከሙት አታላዎች ይከፈላል። ክፍያው ሲበዛ ገበሬው ከገበያው ውጭ መሸጥ ይጀምራል፤ ሌሊት በጫካ በኩል ወደሚሻለው ወገን የሚያሻግርም አይጠፋም። ያኔ ከተማው ካሰበው ገቢ ያነሰ ይሰበስባል። በኢትዮጵያ በኩል ሰሊጥ በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል፤ በመተማ መጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ይሸጣል። ስለ ዋጋው የመተማ አስተዳደር የሚለው የለም፤ የጭነት መኪና ማቆሚያው፣ የመንገዱ አቧራና በወቅቱ የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ግን የእርሱ ራስ ምታት ናቸው።

ያ ሠራተኛ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርድ ነው። የተወሰነው በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ ያጭዳል፤ የተወሰነው ጠረፉን ተሻግሮ የገዳሪፍን እርሻ ያርማል፣ ያጭዳል። ማደሪያው ብዙ ጊዜ የሱቅ በረንዳ ነው። በበረንዳ ማደር ክልክል ነው የሚል መመሪያ በወጣ ቁጥር ሠራተኛው በየአልጋ ቤቱ የቀን ገቢውን ይከፍላል፣ ወይም ከከተማ ውጭ ወጥቶ ከትንኝ ጋር ያድራል። በቆላ ወባ ባለበት አገር ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም።

የጎዳናው ሥራ ሁሉ በእንዲህ ዓይነት መመሪያ ላይ የቆመ ነው። አንዲት ሻይ ሻጭ በመኪና መናኸሪያው አጠገብ ተቀምጣለች እንበል። ያላት የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ ጥቂት ብርጭቆ፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ የተቀመጠባቸው ቆርቆሮዎች፣ ደንበኛ የሚቀመጥባቸው በገመድ የተሠሩ አጫጭር በርጩማዎች ናቸው። ለቦታው ትከፍላለች፣ የጤና ካርድ ታሳድሳለች፣ ለቆሻሻ ማንሻ ትከፍላለች። መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ይዛወር የሚል ውሳኔ ቢመጣ ለትራፊኩ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እርሷ ግን ደንበኞቿን በአንድ ቀን ታጣለች፣ አዲሱ ቦታ ላይ ለመቀመጥም ከሌሎች ጋር ትጋፋለች። ማስታወቂያው በዐረብኛ ተለጥፎ እርሷ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ብቻ የምታነብ ከሆነች ውሳኔውን የምታውቀው ምድጃዋ በፖሊስ መኪና ላይ ሲጫን ነው። በካርቱም ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በሻይ ሻጮች ላይ ለዓመታት በትር ሆኖ ቆይቶ በኅዳር 2019 በሽግግሩ መንግሥት ተሽሯል። ሕጉ ቢሻርም ምድጃ መሰብሰብ የለመደ እጅ በአንድ አዋጅ አይታጠፍም።

ብዙዎቹ የከተማዋ ሐበሾች በዚህ ጎዳና ላይ ነው የኖሩት። ገዳሪፍ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ስደተኛ የመጀመሪያዋ ከተማ ሆና ቆይታለች። ተዋዋና ኡም ራኩባ የሚሉት የካምፕ ስሞች በ1970ዎቹ ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት የተሰደደ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. በኋላ ከትግራይ የሸሸው ሕዝብም በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሰፈረ። በሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ካምፕ ያለ ፈቃድ መውጣት አይችልም። ሆኖም ሥራው ያለው ከተማ ነው፤ ሰው ወደ ከተማ ይመጣል፤ ከዚያም ሐበሾች ካሻ የሚሉት አፈሳ ይመጣል። የከተማው አስተዳደር ከእነዚህ ሰዎች የቦታ ኪራይ ይቀበላል፣ የጤና ካርድ ክፍያ ይቀበላል፤ በአፈሳው ቀን ግን በከተማዋ እንደሌሉ ይቆጠራሉ።

ከ2023ቱ ጦርነት በኋላ ይህ ዕጣ ለሱዳናውያንም ደረሰ። ከካርቱምና ከጀዚራ፣ በ2024 ክረምት ደግሞ ከሲንጃ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ወደ ገዳሪፍ ገቡ። የሰፈሩት በዘመድ ቤት፣ በካምፕና በትምህርት ቤቶች ነው። በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ገመድ ተስቦ ልብስ ይሰጣል፤ ወንበሮቹ እንደ ግድግዳ ተደርድረው አንዱን ቤተሰብ ከሌላው ይለያሉ። አስተዳደሩ ትምህርት ይከፈት ብሎ ሲወስን የከተማዋ ልጆች መብታቸውን ያገኛሉ፤ ተፈናቃዮቹ ደግሞ ሁለተኛ ይፈናቀላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ጥሩ ውሳኔ የሚለየው ለተነሡት የት እንደሚሄዱ አስቀድሞ በማዘጋጀቱ ነው፤ ክፍሉ በሰኞ ተለቅቆ ድንኳኑ በወሩ ከመጣ ውሳኔው ግማሽ ነው።

አሁን የቀረው የድንበሩ ነገር ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ጋላባት በአነስተኛ ወንዝ የተለዩ፣ በገበያ ግን አንድ የሆኑ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ትልቁ ውሳኔ የምክር ቤት አይደለም፤ በሩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ነው፣ የሚወሰነውም በካርቱም ወይም በፖርት ሱዳን፣ በአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም በጠመንጃ በያዘው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ሱዳን በሩን ለሳምንታት ስትዘጋ የሁለቱ ከተሞች ንግድ ተቋረጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የከተማ አስተዳደር እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። የጠረፍ ነጋዴው ገቢ በቆመበት ወር የሱቅ ኪራይና የቦታ ክፍያ እንደ ወትሮው ይሰብሰብ ወይስ ይራዘም የሚለው በእርሱ እጅ ነው። ከስደት የተመለሰን ሰው ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ካላመጣ መታወቂያ አይሰጠውም ማለትም ሆነ ሌላ ማስረጃ መቀበል በእርሱ እጅ ነው። ቀበሌው በጦርነት መዝገቡ የተቃጠለበትን ሰው መሸኛ አምጣ ማለት ቤት አትከራይ፣ ባንክ አትግባ፣ ሥራ አትያዝ ከማለት አይለይም።

በከተማ የሚኖር ሰው ዜጋ ባይሆንም በከተማዋ ጉዳይ ይጠየቅ የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1976 ለሦስት ዓመት የኖሩ የውጭ ዜጎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደች፤ የማስትሪክት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች በሚኖሩበት ከተማ የመምረጥ መብት ሰጠ። ጦርነት ላይ ላለች አገር ይህን መጠየቅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከምርጫ በታች ግን ብዙ ርካሽ ነገሮች አሉ። ብራዚላዊቷ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሠፈራቸው ተሰብስበው ከከተማው በጀት የትኛው ሥራ እንደሚቀድም እንዲናገሩ አድርጋለች፤ ውኃና ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ቀዳሚ ሆነው የወጡት በድሃ ሠፈሮች ነበር። በገዳሪፍም ከአብዮቱ ወዲህ በየሠፈሩ ኮሚቴ የለመደ ወጣት አለ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ለተፈናቃይ ምግብ ያበሰለውም እርሱ ነው። በመተማ በኩል ዕድር አለ፤ የጎረቤቱን ችግር ከቀበሌው ቀድሞ የሚያውቅ ድርጅት ነው።

ስለዚህ የገዳሪፍና የመተማ አስተዳደሮች አዲስ ክፍያ ከመጣላቸው፣ መናኸሪያ ከማዛወራቸው፣ የውኃ ማደያ ከመዝጋታቸው በፊት ውሳኔው ምን ያህል እንደሚያስከፍልና ማንን እንደሚነካ ጽፈው ቢያንስ ከወር በፊት በገበያው በር ላይ ይለጥፉ፤ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ ይለጥፉ። ሻይ ሻጮች፣ ጋሪ ነጂዎችና አታላዎች በየማኅበራቸው ተጠርተው ይሰሙ። ነዋሪውም በበኩሉ የበርሜሉ ዋጋ በወጣ ቁጥር ከጋሪ ነጂው ጋር ከመጣላት ይልቅ ማደያው ለምን ራቀ ብሎ ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ይሂድ።